ሙሉ ክብሪት

«ክብሪት ያለው ሰው የለም?» አለች ፋዲላ ከድንኳኑ ጀርባ። ጎረቤት ናት፤ ለሠልስቱ ንፍሮ ጥዳ እሳት አጥታለች። ወንዶቹ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ለወጉ ነው እንጂ ክብሪት ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ወር አልፎታል።

ሸዋወርቅ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች መቀነቷን በእጇ ሸፈነች። የባሏ የገሠሠ የክብሪት ሳጥን እዚያ ነው፤ ራሱ ከዋንዛ የጠረበው፣ ክዳኑ እየተገፋ የሚከፈት፣ ጎኑ ላይ መጫሪያ የተለጠፈበት። «ሱሪውን ረስቶ ይወጣል እንጂ ሳጥኑን አይረሳም» እያለች ሃያ ዓመት ቀልዳበታለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። ቀትር ላይ አስከሬኑ መጣ። የሶደሬ መንገድ ላይ የኤንትሬ መኪናውን ጎማ ቀይሮ ግራር ሥር አረፍ እንዳለ ቀረ፤ በቃ። ሰው እንዲህ ይሞታል? እስከ ዛሬ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ «ደርቃ ቀረች እኮ» ይላሉ ሴቶቹ በሹክሹክታ።

የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ገሠሠ ክብሪቱን አንድ በአንድ በምላጭ ለሁለት እየሰነጠቀ ነበር የሚያኖረው። የዚያን ለት ጠዋት ግማሽ ክብሪት ሦስት ጊዜ እጇ ላይ ተሰበረባትና ጮኸችበት፦ «ለአንድ ሙሉ ክብሪት የማልበቃ ሴት ነኝ? ገብጋባ!» ከጓዳ ስትመለስ ወጥቶ ሄዷል። ሳጥኑን ትቶ መሄዱ ቂም እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ከፍታ ለማየት እንኳ ፈርታለች።

«እትዬ» አለ ነጋሳ፣ የገሠሠ የመኪና ረዳት፣ ጎንበስ ብሎ፤ «የጋሼ ሳጥን አለ አይደል?»

«ተቀይሞኝ ጥሎት ሄደ።»

«ያ ዋቃ! ማን ነው እንዲህ ያለዎት? መንገዱን ሁሉ ሲጋራቸውን ከንፈራቸው ላይ ሰክተው ከሰው እሳት ሲለምኑ ነበር። ‹ሳጥኑስ?› ስላቸው፣ ‹ከአቦምሳ ያመጣሁትን ክብሪት ሞልቼ ለሸዋዬ ትቼላታለሁ። እውነቷን ነው፤ በግማሽ ፈጀኋት› ብለው ሳቁ።»

ሸዋወርቅ ክዳኑን ገፋችው። ሙሉ ሙሉ ክብሪት፣ ራስ ራሱ በአንድ ወገን ተደርድሮ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። አንድም የተሰነጠቀ የለም። ሦስት ቀን የራቃት እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ፋዲላ፣ ምላጭ አምጪልኝ።»

«ምላጭ? ኧረ በአላህ ሸዋዬ!»

ፊቷን ልትተለትል መስሏቸው ሴቶቹ እጇን ሊይዙ ተነሡ። ነጋሳ ግን ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ ሰጣት።

አንዷን ክብሪት ሳጥኑ ላይ አጋድማ፣ ከክብሪቷ ራስ ጀምራ፣ ቀስ ብላ ለሁለት ሰነጠቀቻት። ግማሿን ለፋዲላ ሰጠች። ሌላዋን ግማሽ ከሙሉዎቹ ጎን መልሳ ክዳኑን ዘጋች።