ቀይ ነጥብ ያለባት ሚሞሪ

ለላፕቶፔ ከወንድም ጋሼ ሌላ ሐኪም አላውቅም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቁም ከቢሮዬ ብዙ አይርቅም። የሌላ ሰው ካቻቢቴ ወደ ማሽኔ ሲጠጋ ዓይኔ ደም ይለብሳል፤ እሱ ግን ከፈለገ በማንኪያ ይፍታው።

የትምህርት ቤት ሕንፃ ንድፍ ለአሠሪዎቹ የማቀርበው ሐሙስ ነበር። ከወደዱት ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመት የሰው መስመር ሳቃና የጠበቅኩት ይህንኑ ነው። ላፕቶፔ ግን ሕንፃውን ስክሪኑ ላይ አዙር ሲሉት ያቃስታል።

«ፍጥነቱ 3200 የሆነ ሚሞሪ ግዢ፤ ውስጥ ያለውም 3200 ነው» አለኝ ወንድም ጋሼ። «ከተለያዩ ፈጣኑም በቀርፋፋው ፍጥነት ነው የሚሠራው።»

እንዳለኝ ገዛሁ። ቢሯችን ውስጥ እስክሪብቶ እንኳ እግር ያወጣል፤ ስለዚህ ዕቃዬ ሁሉ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ። ሚሞሪዋንም ጠርዟ ላይ ነጥብ አድርጌባት ማክሰኞ ከላፕቶፑ ጋር ሰጠሁት። ረቡዕ ላፕቶፑን ገጥሞ ሲመልስልኝ ጉንጩን ሳምኩት።

ሐሙስ ሕንፃው ግማሽ ዙር ዞሮ ቀጥ አለ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ደገመው። አሠሪዎቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «በኔ እንክፈተው?» ብላ ላፕቶፗን ዘረጋች። የኔው ሕንፃ በሷ ማሽን ላይ ያለ አንዳች ችግር ዞረ። ከምሳ በኋላ አለቃችን ሥራውን ለሷ ሰጣት።

ሁሉም ሲወጣ የማሽኔን መረጃ ከፍቼ አየሁ። የሚሞሪው መጠን ልክ ነው። ፍጥነቱ ግን 2400 ይላል።

በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ሱቁ ስገባ የባልደረባዬ ላፕቶፕ ጀርባው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ ቢጫ ቦርሳዋ አጠገቡ ነው። ማራገቢያውን እያጸዳላት ነበር። ከማራገቢያው ጎን ቀይዋ ነጥቤ ታየችኝ።

ወንድም ጋሼ ዓይኔ ያረፈበትን አይቶ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ማክሰኞ ዕለት መጥታ ሚሞሪ ጨምርልኝ፣ ቸኩያለሁ አለችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ» አለ። «ለአንቺ ከአሮጌ ማሽን ያወጣሁትን አደረግኩልሽ። ሰሞኑን እቀይርልሽ ነበር።»

«ሐሙስን ታውቅ ነበር።»

«እህቴ አይደለሽ? ትታገሺኛለሽ ብዬ ነው። ቁጥሩን ታያለሽ ብዬም አላሰብኩም።»

«ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አልኩት።

ባዕድ ቢያደርገው እጮህ ነበር። ከኔ ጋር ቀን ሲቆጥር የሰነበተው ወንድሜ ነው እንጂ። ከዳኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ካቻቢቴውን ከፊቱ አንስቼ ላፕቶፔን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ፈታሁ። አንድ ብሎን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሊያነሳልኝ ሲጎነበስ ቀድሜው አነሳሁ። አሮጌውን ሚሞሪ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

እሱም እጁን ወደ ባልደረባዬ ማሽን ሰደደ፤ የኔን ሊያወጣልኝ።

«ተዋት፣ እዚያው ትሁን» አልኩት። «ሥራው እሷ ጋር ነው ያለው።»