ፊትሽን አታዙሪ

የልጄ የኑሀሚን ጠባሳ ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነስቶ አንገቷ ላይ ይወርዳል። በረመዳን፣ ጎረቤታችን ዛምዛም ቤት ሳምቡሳ ሲጠብሱ ዘይት ፈንጥቆባት ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ጠባሳው ማደግ ጀመረ፤ ዘይቱ ወዳልነካው ቆዳ አልፎ ወፈረ። አንድ ክሊኒክ ቆርጠው አወጡላት፤ ከበፊቱ አብጦ ተመለሰ። ካንሰር ነው ብዬ ደመደምኩ። የምትቀበርበትን ቦታ ሳይቀር አስቤ ነበር።

ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የቆዳ ሐኪሟ አይታ «ኬሎይድ ይባላል፤ አይገድልም» አለችን። «ሌላው ያበጠ ጠባሳ ቁስሉ ከነበረበት አያልፍም፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ይስፋፋል። ያለ ሌላ ሕክምና ሲቆርጡት ደግሞ ይቆጣል።»

አሁን ሐኪሟ በየወሩ ጠባሳው ውስጥ መርፌ ትወጋታለች። ቤት ደግሞ ኑሀሚን ራሷ የሲሊኮን ልጥፍ ታደርግበታለች። በድሬ ሙቀት ልጥፉ በላብ ይነሳል፤ አጥባ ትመልሰዋለች። ማሳከኩ ቀንሷል፤ እብጠቱም ዝቅ ብሏል። ጨርሶ ይጠፋል ግን አልተባልንም።

በዚህ መሀል ቢላን የምትባለው የዛምዛም ልጅ ልታገባ ሆነ። ከኑሀሚን ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ «አጠገቤ የምትቀመጠው እሷ ናት» አለች። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ሁሉ እንግዳ፣ ያን ሁሉ ዓይን አሰብኩት። ልጄ ከሠርጉ አዳራሽ አልቅሳ ትወጣለች፣ ከዚያም ወዲያ ከቤት አትወጣም ብዬ ፈራሁ። ጋርባሳር የሚሉትን ቀጭን የሶማሌ ሻርፕ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ምናልባት አንገቷን ብትሸፍንበት።

ከሠርጉ በፊት ልጆቹ ዛምዛም ቤት ተሰብስበው ፊታቸውን ቀሲል የሚሉትን የቅጠል ዱቄት ለውሰው ተቀቡ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነው ይሳሳቃሉ። የዛምዛም እህት ዑግባድ ከጅግጅጋ መጥታ ነበር። የኑሀሚንን አንገት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«የሺ፣ እዚሁ መልካ ጀብዱ መንደር በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው አለ። አንዴ ቢነካላት ያበቃል።»

«ዘይት ያቃጠለኝን ብረት ሊያድነው ነው?» አለች ኑሀሚን፤ ልጆቹ ሳቁ።

«አንቺን አላናገርኩም፤ እናትሽን ነው። ወላሂ የሺ፣ እንዲህ ሆና ማን ያገባታል?»

ሳቁ ቆመ። ኑሀሚን አጎነበሰች። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ ቀደመኝ።

«ዑግባድ፣ ይሄን አዲስ ነገር ብለሽ ነው? ማንም አያገባትም ብዬ አስቤያለሁ። አግብቶ ይፈታታል ብዬም አስቤያለሁ። የገዛ ልጆቿ ይፈሯታል ብዬም አስቤያለሁ። ከዚህ የባሰ ካለሽ አምጪ፤ ከሌለሽ ቀሲሉን አቀብይኝ። ልጄን ብረት አይነካትም።»

ዛምዛም ጭኗን እየመታች ሳቀች። «አቦ የሺ! ስንቴ የቀበርሻትን ልጅ ማን ይገድልብሻል!»

የሠርጉ ዕለት ኑሀሚን ከቢላን በስተቀኝ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺው ዱዓሌ ካሜራውን አነሳ፤ ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ፊትሽን ትንሽ ወደ ግራ አዙሪልኝ። ያኛው ጎንሽ ይሻላል።»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ፊቷን ማዞር ጀመረች። ዑግባድ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ሸፍኛት የሚል ምልክት አሳየችኝ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ጋርባሳሩን እንደጨበጠ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እወድቃለሁ፣ ኬኩ ላይ እወድቃለሁ እያልኩ ነበር።

ጋርባሳሩን አወጣሁ። በጫፉ የአንገቷን ላብ ጠረግኩላት፤ ፀጉሯን ከጆሮዋ ጀርባ አደረግኩ። ከዚያ ጋርባሳሩን ወደ ዑግባድ ወርውሬ «ያዥልኝ» አልኳት።

«እዚሁ እያየችህ አንሳት» አልኩት ዱዓሌን። «አንቺም ፊትሽን አታዙሪ።»

«እማ፣ ጉልበትሽ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች ኑሀሚን በቀስታ።

«ካሜራው ጉልበቴን አያነሳውም።»

ቢላን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ኑሀሚንም ሳቀች፤ ስትስቅ ጠባሳው አብሮ ተነሳ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አሁን መብራት ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ።

አልጠፋም።