ከኋላ የሚቆለፍ ቀሚስ

ስትሮክ የልብስ ሰፊውን ቀኝ ጎን ካደከመው አራተኛ ወሩ ነው። ኩራቱን ግን አልነካበትም። በሳምንት ሁለት ቀን ሚስቱ ደግፋ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ታስገባዋለች፤ ባለሙያዋ የፕላስቲክ ኩባያ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ጫፍ እንዲያዛውር ስትነግረው ያኮርፋል።

«ስንቱን ሙሽራ ያለበስኩ ሰውዬ፣ በኩባያ ልጫወት?»

ሚስቱ ታዲያ እጁን ይዛ ታዛውርለታለች። ቤትም ያው ነው። ታበላዋለች፣ ታለብሰዋለች፤ የቤት ልምምዱን እንኳ ክንዱን እያነሳች እያወረደች እሷው ትሠራለትና ወረቀቱ ላይ ራይት ታደርጋለች።

አንድ ቀን ባለሙያዋ በራይት የተሞላውን ወረቀት አገላብጣ አየችው።

«እማማ፣ የእርስዎ ክንድ ጠንክሯል። የአባባ ግን ያው ነው።»

ሴትዮዋ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «ልጄ፣ ሲታገል እያየሁ እንዴት ያስችለኛል?»

ባለሙያዋ ወደ እሱ ዞረች። «አባባ፣ ኩባያውን ይተዉት። ይህ እጅ ምን እንዲሠራልዎት ነው የሚፈልጉት?»

መቀሱ ይናፍቀዋል፤ የስፌት መኪናው ድምፅም ይናፍቀዋል። ከሁሉ የባሰበት ግን የጠዋቱ ናፍቆት ነው። ለሚስቱ የሚሰፋላት ቀሚስ ሁሉ ከኋላ የሚቆለፍ ነበር፤ ሆን ብሎ ነው። እጇ ስለማይደርስ ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ እሱም ስድስቱን ቁልፎች ይቆልፍላታል። ከታመመ ወዲህ በአንገት የሚጠለቅ ሰፊ ነገር ለብሳ ነው የምትውለው። አንድም ቀን አላማረረችም፤ እሱን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

«በሚቀጥለው ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ ነይ» አላት ወደ ሚስቱ ዞሮ።

በቀጠሮው ቀን ክፍት ጀርባዋን በሹራብ ሸፍና መጣች። ሹራቡን አውልቃ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። በቀኝ እጁ የላይኛውን ቁልፍ ያዘ፤ አመለጠው። ደግሞ ያዘ፤ ደግሞ አመለጠው። ላብ አጠመቀው። ሚስቱ ቁና ቁና ሲተነፍስ ብትሰማ፣ እንደ ልማዷ ልታግዘው እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። አልደረሰላትም።

«አትንቀሳቀሺ!» አላት፣ ድሮ ደንበኛ ሲለካ በሚናገርበት ድምፅ።

እጇን ጭኗ ላይ መልሳ ቁጭ አለች። ባለሙያዋ በር ላይ ተራ የሚጠብቁትን በምልክት አስታገሠቻቸው።

ቁልፉ ገባ።

የሚስቱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ እያለቀሰች ነው። «በቃ፣ ዛሬ ደክሞሃል፣ እንሂድ» አለችና ሹራቧን አነሳች።

«ተቀመጪ» አላት። «ገና አምስት ይቀራል።»