ስለ ፈታሿ የተጻፉ አምስት ደብዳቤዎች

አምስተኛውም ደብዳቤ ስለ የኔነሽ ነበር።

ማሂራ ወረቀቱን አጥፋ ከአራቱ ላይ ጣለችውና ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል። ማመልከቻው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትምህርት ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሰኞም ደረሰ በዓመቱ ያው ነው። የልጆችና የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ሥልጠና፣ አንድ ዓመት አዲስ አበባ፣ የትምህርቱ ክፍያ ተሸፍኖ፣ ደመወዝ ሳይቋረጥ። ለመላው ዞን ሁለት ቦታ ብቻ። ከማስረጃዎቹ ጋር አምስት ወጣት አንባቢዎች “በቤተ መጻሕፍቱ ማን ይረዳኛል? እንዴት?” በሚል የጻፉት ደብዳቤ እንዲያያዝ ቅጹ ያዛል።

ስለ ደብዳቤዎቹ ሐሳብ ገብቷት አያውቅም። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ዲግሪ አላት። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚህ በሄርማታ ሰፈር ንባብ ቤት ያለ መጽሐፍ ሁሉ በእጇ ቁጥር ተለጥፎበታል። እናቷን “እኔ የመጽሐፍ ዘበኛ ሆኜ አላረጅም” ማለት ከጀመረችም ሦስት ዓመቷ ነው። ልጆቹ ደግሞ የጻፉት ስለ ዘበኛዋ ነው፤ የኔነሽ በር ላይ ቦርሳ የምትፈትሸው ሴት ናት።

“ፈድሊያ! ነይ ወዲህ።”

ፈድሊያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ እንደ ሰካች መጣች።

“ምንድን ነው ይሄ? ስለ እኔ ጻፉ አላልኳችሁም?”

“ቲቸር፣ ‘የሚረዳችሁን ሠራተኛ’ ነው ያልሽን።”

“እና እኔ አልረዳም?”

ፈድሊያ አሰበች። ማሂራን ያበሸቃት ማሰቧ ነው።

“አንቺ ‘ዝም በሉ’ ትያለሽ።”

ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ።

“ዝም በሉ!” አለች ማሂራ።

ደብዳቤዎቹን እንደገና ገለጠቻቸው። ከአጋሮ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ፋሂም “ሌላ ቦታ ያሉ ፈታሾች ከቦርሳ ያወጣሉ፣ የኔነሽ ግን ትጨምራለች” ብሎ ይጀምራል። “ስንቄ አልቆ ሦስት ቀን ባዶ ቦርሳ አየች። በአራተኛው ቀን ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ አገኘሁ።” የፈድሊያ ደግሞ፦ “ከአርባ ዘጠኝ ብቻ ያመጣሁበትን የሒሳብ ፈተና አየችብኝ። ለማንም አልተናገረችም። ‘ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ቀጭን ሰማያዊ መጽሐፍ ጠይቂ፤ እሱን ያነበቡት ፊታቸው በርቶ ነው የሚወጡት’ አለችኝ።”

“ማል ታኤ? ምን ሆነ? አልላክሽም እንዴ?” አሉ ኃላፊው ኦቦ ኩመራ ከቢሯቸው ብቅ ብለው።

ወረቀቶቹን ሰጠቻቸው። ሁለቱን አንብበው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

“የኔነሽን ብንልካት ሳይሻል አይቀርም።”

“ኦቦ ኩመራ፣ አይቀልዱ።”

“እሺ፣ እሺ። ምን ያስጨንቅሻል? ሌላ አስጽፊያቸው። ልጅ ያዘዝሽውን ይጽፋል።”

እውነታቸውን ነው። ማሂራ አምስት ንጹሕ ወረቀት ቆጥራ አወጣች። ሰማያዊው መጽሐፍ ግን ከነከናት። ቁጥሩን የለጠፈችበት እሷ ናት፤ ገልጣው አታውቅም። ይህቺ ሴት ከበር ሳትነቃነቅ እንዴት አወቀችው? ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ደረጃውን ወረደች።

“እትዬ የኔነሽ፣ ልጆቹ ስለ አንቺ ደብዳቤ ጽፈዋል።”

የየኔነሽ እጅ አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

“በእመቤቴ! ቆሎው ነው አይደል? ምግብ ማስገባት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ሁለተኛ አይለመደኝም በይልኝ ኦቦ ኩመራን።”

“ክስ አይደለም። ይልቅ ስለ ሰማያዊው መጽሐፍ ማን ነገረሽ?”

“ማን ይነግረኛል? ሲወጡም እኮ እፈትሻለሁ። ‘ምን አነበብሽ? ጥሩ ነው?’ እላቸዋለሁ። ዝም ብሎ የሰው ቦርሳ ውስጥ እጅ መክተት ያሳፍራል፣ የሆነ ነገር መባል አለበት።”

ማሂራ ስንት ሰው እንደ ገባና ስንት መጽሐፍ እንደ ተነበበ በየቀኑ ትመዘግባለች። ይህን ጥያቄ ግን አንድም ልጅ ጠይቃ አታውቅም።

“አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሻል?”

“እንዴታ! ማትሪክ ጣለኝ እንጂ ጨርሻለሁ።”

“ማስረጃው አለ?”

“ሳጥን ውስጥ። ምነው?”

“እዚህ ስንት ዓመትሽ ነው?”

“ስድስት።”

ቅጹ የሚጠይቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀና ሁለት ዓመት በቤተ መጻሕፍት የሠራ ሰው ነው። በር ላይ ይሁን መደርደሪያ ሥር አይልም። ማሂራ ቅጹን በቃሏ ታውቀዋለች፤ አሁን ተናደደችበት። ቢበላሽ ተብሎ የታተመ ሁለተኛ ቅጽም መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ለመላው ዞን ሁለት ቦታ፣ ከአንድ ንባብ ቤት ሁለት አመልካች። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ሰማያዊው መጽሐፍ አያስፈልጋትም።

“ሂጂ አምጪው” አለችና ስለ ሥልጠናው በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት።

“እኔ? ቀልደኛ ነሽ! በሩስ?”

“እኔ እይዘዋለሁ። አርባ ደቂቃ አለሽ።”

“ማሂርዬ፣ አንቺም እኮ ለዚሁ ነገር ነው ስትሯሯጪ የሰነበትሽው።”

“እኔን ተይኝ። ሩጪ!”

የኔነሽ ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው። ነጠላዋን እየሰበሰበች ሄደች፤ ማሂራ በፈታሿ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣችው መሪማ ናት፣ ከደዶ መጥታ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ። ማሂራ ቦርሳዋን በረበረች። ሁለት ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ።

“ምንም የለም። እለፊ።”

ልጅቷ ሦስት እርምጃ እንደ ሄደች ማሂራ ቀና አለች።

“ቆይ። ምሳ በልተሻል?”

“አዎ” አለች መሪማ ፈጥና። በጣም ፈጥና።

የየኔነሽ መሳቢያ ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ ነበር።

“እዚሁ ብዪው። መጽሐፍ ላይ አንዲት ፍሬ ባገኝ፣ ወላሂ...”

“እሺ ቲቸር።”

ልጅቷ ቆሎዋን ትቆረጥም ጀመር። የሆነ ነገር መባል አለበት።

“ትናንት ምን አነበብሽ?”

“ስለ ንብ።”

“ጥሩ ነው?”

“ጥሩ ነው። መጨረሻው ግን ተቀዷል።”

“የቱ? ስንት ገጽ?”

“አራት። ከድሮም እኮ የለም ቲቸር፤ ሁላችንም እናውቃለን።”

የኔነሽ ማስረጃዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ ላቧ ጠብ እያለ፣ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ተመለሰች። ቅጹን አብረው ሞሉ፤ የኔነሽ ፈረመች። ማሂራ አምስቱን ደብዳቤዎች ከየኔነሽ ቅጽ ጋር አያይዛ አንደኛውን ፖስታ አሸገች። ከዚያ ልጆቹን ጠርታ ንጹሑን ወረቀት አደለቻቸው።

“አሁን ስለ እኔ ጻፉ። ያለውን።”

“ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይወስዱም፣ ታውቂያለሽ አይደል?” አሉ ኦቦ ኩመራ በሹክሹክታ።

“አውቃለሁ።”

መጨረሻ ያስረከበችው ፈድሊያ ናት። ማሂራ ቆማ አነበበችው፦ “ማሂራ ትጮህብናለች። ማንም ያጣውን መጽሐፍ ግን እሷ በአንድ ደቂቃ ታገኘዋለች። ዛሬ በር ላይ መሪማን ምን አነበብሽ አለቻት። ገና እየለመደች ነው።”

ፈድሊያ የማሂራን ፊት አጠናች።

“ቲቸር፣ ‘ትጮህብናለች’ የሚለውን ልሰርዘው?”

ማሂራ ሰዓቷን አየች። አሥር ተኩል። ውጭ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል።

“ተይው” አለች፣ ሁለተኛውን ፖስታ እያሸገች። “ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ አይቀበሉም።”