የጋሼ ዝምታ

«ወንድሜ…» አሉ ጋሼ፤ ከዚያም ዝም አሉ።

ከመጋረጃው ጎን፣ በትንሽ መብራት ሥር የተቀመጠችው ሴት ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም። ሥራዋ ይኸው ነው። ተዋንያኑ ሲናገሩ ጽሑፉን በዓይኗ ትከተላለች፤ አንዱ የሚለው ከጠፋበት የቀጣዩን መስመር መነሻ በሹክሹክታ ታቀብለዋለች። የቲያትር ቤቱ ሰዎች በቀልድ «ቃል አቀባይ» ይሏታል። እሷም ደስ ያላት ቀን «መንግሥት የሌላት ቃል አቀባይ» እያለች ታስቃቸዋለች።

ጋሼ መሐል ላይ ትንፋሽ ወሰድ የሚያደርጉባቸው ቦታዎች አሏቸው፤ ቃል አቀባይ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ይኸኛው ግን ከእነሱ አይደለም። ከ«ወንድሜ» በኋላ የሚመጣው ያ የታወቀው የይቅርታ ንግግር ነው፤ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያጠናው። በተውኔቱ ታላቅ ወንድም በሐሰት መስክሮ ታናሹን አሳስሯል። ታናሽየው እስሩን ጨርሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። አሁን ታላቁን የሚጫወቱት ጋሼ መናገር አለባቸው።

ቃል አቀባይ ከዚህ ተውኔት ጋር ነው ያደገችው። አስተማሪ የነበሩት አባቷ ታላቁን፣ እሷ ታናሹን እየሆኑ ተራ በተራ ያነቡት ነበር። የዚያ ቤት በር፣ የሁለቱ ወንድማማቾች መልክ ያኔ በልቧ ተስሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ የምታየው ሁሉ የውሸት ይሆንባታል። «ተዋናይ ጽሑፉን ካላበላሸ ትልቅ ነገር ሠርቷል» ትላለች። ሥራዋም ለዚህ ይመቻታል፤ ዓይኗ ገጹ ላይ ስለሚውል ትርኢቱን ትሰማዋለች እንጂ ቀና ብላ አይታው አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሁለት ቦታ ላይ ስተው ነበር። አዘጋጁ ጠርቷት፣ «ዕድሜ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን አንድ ጊዜ ከደገማቸው ሚናውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እውነቱን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ» ብሏታል።

«በደሌን…» አለች በሹክሹክታ።

ጋሼ አልሰሙም። ድምፅዋን ከፍ ልታደርግ አፏን ስትከፍት የአዳራሹ ጸጥታ እንግዳ ሆነባት። የከሰዓት ተመልካች እንዲህ አይደለም፤ ያስላል፣ ከረሜላ ይልጣል፣ ይንሾካሾካል። አሁን ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ቀና አለች።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል። ከንፈራቸው ሊናገር ይጀምርና ይተወዋል። የታናሽየውን ፊት ማየት አቅቷቸው ጫማውን ያያሉ። ከዚያ ዞር አሉና ራሳቸው ተቀምጠውበት የነበረውን ወንበር እየጎተቱ አመጡ፤ መቀመጫውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ከታናሽየው አጠገብ አስቀመጡት።

ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ታናሹን የሚጫወተው ተዋናይ ለአፍታ ግራ ገባው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱንም በሁለት እጁ ሸፈነ። ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ተሰማ። ቃል አቀባይ ገጹ ከእጇ አምልጦ መገለባበጡን ያወቀችው ቆይታ ነው።

ንግግሩ ሳይነገር ትርኢቱ አልቆ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ ጋሼ መስተዋቱ ፊት ተቀምጠው ቀለሙን ከፊታቸው ይጠርጋሉ።

«ሙልጭ ብሎ ጠፋብኝ ልጄ» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

«አቀብዬዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ጆሮዬም አብሮ ጠፋ መሰለኝ።»

«ወንበሩስ?»

«እኔ እንጃ!» ሣቅ አሉ። «ሰውየው ቆሟል። እኔ የምለው የለኝ። የምትይው ሲጠፋሽ እንግዳን ምን ታደርጊያለሽ? ቁጭ በል ትይዋለሽ።» ጨርቁን አስቀመጡና ዞር ብለው አዩዋት። «አዘጋጁ ይጠይቅሻል። አደራ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ።»

አዘጋጁ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። የሚያገኘው ሰው ሁሉ እየጨበጠ «እንኳን ደስ ያለህ» ስላለው ፊቱ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ጥርጣሬ ሆኗል።

«ሆን ብለው ነው ወይስ ጠፋባቸው?»

ሆን ብለው ነው ብትለው ያምናታል። ራሱም ማመን ፈልጓል።

«ጠፋባቸው» አለችው።

አዘጋጁ ግድግዳውን ተደገፈ። «እንግዲህ ምን ይደረግ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያንን ንግግር የእኔን ያህል የሚወደው ሰው እዚህ ቤት የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንብቤዋለሁ። ሳነበው ግን ታላቁ ወንድም አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው፤ አምሮበት ነው ይቅርታ የሚለው። እንደሚያፍር ዛሬ ገና ገባኝ።»

«ንግግሩን ቁረጥ ነው የምትይኝ? አንቺ?»

«ቁረጥ አላልኩህም። ሰውየውን አትቁረጥ ነው ያልኩህ።»

አዘጋጁ ራሱን አከከ። ከአዳራሹ የሚወጡ ሰዎች ድምፅ እየራቀ ይሰማል።

«እሺ፣ ነገም ይግቡ» አለ በመጨረሻ። «ግን እዚያው ቦታ ላይ ከጠፋባቸውስ?»

«እዚያ ቦታ ላይ አላቀብላቸውም።»

«እና አንቺ ያን ጊዜ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አያለሁ» አለችው።