የሲፈን ግድግዳ

ሞቱማ፣ አብነት ሰፈር መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ታፔላ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነበር። የፀጉር ቤቱም፣ የሥጋ ቤቱም፣ የጎሚስታውም ስም የወጣው ከእሱ እጅ ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት በሉት፣ ሻኛው የተቆለለ በሬ በሉት፣ የታዘዘውን ይሥላል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ባለቤቱ መጥቶ ተሸክሞት ይሄዳል። ለራሱ ብሎ የሣለው ግን አንድም አልነበረውም። ብሩሹን ለገዛ ቤቱ ያነሣው ሚስቱ ሰብለወንጌል፣ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ከተዉት በኋላ፣ ማርገዟን የነገረችው ጊዜ ነው።

የሚኖሩት ልደታ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሰብለወንጌል ከእናቷ በተላለፈላት የቀበሌ ቤት ነበር። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ኮርኒሷ አቡጀዲ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። የኋለኛዋ ክፍል አሮጌ ዕቃ ታጭቆባት ነው የኖረችው። አንድ እሑድ ሞቱማ ዕቃውን ሁሉ ግቢ ውስጥ አውጥቶ ከመረና ግድግዳውን ይለስን ጀመር።

ጎረቤቱ አልወደደለትም። አጥር የሚጋሯቸው እትዬ መርየም ሰብለወንጌልን ጠርተው፣ ላልተወለደ ልጅ ቤት አይሰናዳም፣ ባልሽን አንድ በይው ብለው መከሯት። ሌሎቹ ደግሞ ሰፈሩ ዛሬ ነገ ይፈርሳል እየተባለ ቀለም ማባከኑ ምን ይሉታል አሉ። ሰብለወንጌል ሁሉንም ሰማችና፣ እስከ ዛሬ ስፈራ ኖሬ ምን አተረፍኩ፣ ይሥራ ተዉት አለች። ሰው ያከብራት ነበርና ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም።

የሞቱማ አባት በወጣትነታቸው ከአምቦ በኩል ከብት እየነዱ ሰንጋ ተራ ድረስ ይመጡ ነበር። ስለነዚያ በሬዎች ለልጃቸው ደጋግመው አውርተውለታል፤ ሲያወሩ ግን መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ መሐል ላይ ዝም ይላሉ። ሞቱማ በኋለኛዋ ክፍል ግድግዳ ላይ የሣለው እነዚያኑ ሰንጋዎች ነው፤ የሱዎቹ ግን ለቢላዋ አልመጡም፣ ከተማ ሊያዩ ነው የመጡት። አንዱ ጃንጥላ ዘርግቶ ይንጎራደዳል። አንዱ ሊስትሮ ፊት ተቀምጦ ኮቴውን ያስጠርጋል። አንዱ ጋዜጣ ገልጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ አድርጎ፣ የተኮሳተረ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መስሏል። ሰብለወንጌል ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ እነዚህ ሁሉ እናት የላቸውም ወይ አለችው። ስለዚህ አንዲት ቀይ ላም ከነጥጃዋ ታክሲ ስትጠብቅ ጨመረ። ቀዩን ቀለም የበጠበጠችው ራሷ ሰብለወንጌል ናት፤ ሁለት ጊዜ አልሆነም ብላ ደፍታ በሦስተኛው ነው የወደደችው።

ዕቃውን የሠሩላቸው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉት አናጺ ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ሞቱማ በካርቶን ላይ እየነደፈ ይወስድላቸዋል፣ እሳቸውም እየሳቁ ይሠሩለታል። አልጋው ታንኳ ሆነ። ቁም ሳጥኑ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ ታክሲ ሆነ፤ በሩ እንደ ታክሲ በር ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ውስጡ የሕፃን ልብስ ይታጠፍበታል። መቀመጫው ኤሊ ነበር። ለአምፖሉ ሰብለወንጌል የእናቷን አሮጌ ወንፊት አመጣች። ከአምፖሉ በላይ ሲሰቅሉት ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ የአቡጀዲውን ኮርኒስ ነጠብጣብ በነጠብጣብ አደረገው። እንዲህ ይሆናል ብለው አላሰቡም ነበር፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተጋድመው ሲያዩት አመሹ።

ልጅቷ ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ተወለደች። ሞቱማ ሲፈን አላት። ጠይም፣ ዓይኗ ትልልቅ ልጅ ናት፤ ጋደም ሲያደርጓት ኮርኒሱን እያየች ከራሷ ጋር ታወራለች። ስትጠባ ግን ቶሎ ይደክማታል፣ ግንባሯ ላብ በላብ ይሆናል። ሰብለወንጌል የሙቀት ነው ስትል ቆይታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተባለ። ኦፕሬሽን እንደሚያስፈልጋትና ለዚያም ትንሽ ኪሎ መጨመር እንዳለባት ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። ተራ አስያዙ፤ መጠበቅ ጀመሩ።

ያ የጥበቃ ጊዜ፣ ሞቱማ በኋላ እንዳሰበው፣ በሕይወቱ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ነበር። ከሱቁ ሲመለስ እጁን በጋዝ አጥቦ፣ በሳሙና ደግሞ፣ ልጅቷን ታቅፎ ግድግዳውን ያስጎበኛታል። በየበሬው ፊት እየቆመ ዜና ይነግራታል፤ ባለጃንጥላው ዛሬ አርፍዷል፣ ባለጋዜጣው አለቃውን ተቆጥቷል ይላታል። እሷ ግን ወደ ላሟ ነው የምትንጠራራው። የላሟን አፍንጫ በመዳፏ ትመታለች፣ ታቅፏት ጠጋ ካለ ደግሞ በድዷ ልትነክሳት ትሞክራለች። ላሟ ከአፍንጫዋ ላይ ቀለሟ እየለቀቀ መጣ፤ ሞቱማም ምርጊት ትበላብኛለች ብሎ አራቃት።

ነሐሴ ላይ ሳንባ ምች ያዛት። ደካማ ልቧ ሁለቱን አልቻለም። ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር።

ቀብሩ ቀላል ነበር። ድንኳን አልተተከለም። ለሕፃን ብዙ አይለቀስም፣ መልአክ ናት፣ እግዜር ሌላ ይተካል እያለ የመጣው ሁሉ ሰብለወንጌልን ዝም አሰኛት። ክፉ አስበው አልነበረም፤ አባባሉ እንዲህ ነው። በሳምንቱ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እሷም ወደምትሠራበት መዝገብ ቤት ገባች። የልጅቷን ስም የሚያነሣ ጠፋ። ታንኳውን፣ ታክሲውንና ኤሊውን ጋሽ ሀብተ ማርያም በጋሪ ጭነው ወሰዱ፤ ለማን እንደሰጡት ማንም አልጠየቃቸውም። ሰብለወንጌል የኋለኛዋን ክፍል ቆለፈችና ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ሞቱማ እሷ ሥራ ስትሄድ አንዳንዴ ይከፍትና ይገባል። ስለ ልጃቸው ሊያወራት ይፈልጋል፤ ነገር ግን አፉን ሲከፍት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ስለሚያውቅ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት ያወራታል።

በሁለት ሺህ ሁለት ሰፈሩ የሚፈርስበት ቀን ተቆረጠ። ለእነሱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃ በሚያስሩበት ሳምንት ሞቱማ መጋዝ ተውሶ መጣና ላሟ ያለችበትን ቦታ ቆርጦ ለማውጣት ሞከረ። መጋዙ ገና ሲነካው ጎን ያለው ምርጊት ከነጭዱ ተገነጠለና ባለጃንጥላው በሬ ከወገቡ በታች ወለሉ ላይ ተፈረካከሰ። ሞቱማ መጋዙን አስቀመጠ። ቀና ሲል ሰብለወንጌል በሩ ላይ ቆማለች። ከቀብሩ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ኖራ ቀባው» አለችው። «ግድግዳው ላይ ምንም እንዳይቀር። ሲያፈርሱት የማንም ሰው ዓይን እንዲያርፍበት አልፈልግም።»

እሺ አላት። እሷ ዕቃቸውን ከጫነው አይሱዙ ጋር ወደ ጀሞ ስትሄድ እሱ ቀረና በባልዲ ኖራ በጠበጠ። ብሩሹን ነከረ። ከዳር ልጀምር ብሎ ወደ ባለጋዜጣው ሄደ፣ ተመለሰ፤ ከጥጃዋ ልጀምር አለ፣ እሱንም ተወው። ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ኖራውን ቱቦ ውስጥ ደፋና በሩን ሳይቆልፍ ወጣ። ጀሞ ሲደርስ ሰብለወንጌል ቀባኸው ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀባሁት አላት። እጁ ላይ ኖራ ስለነበረ አመነችው።

ዶዘሩ መጥቶ በመንገዱ በኩል ያሉትን ቤቶች አፈረሰ። የእነሱን የፊት ክፍልና ጣሪያውንም ጠረገ። ከዚያ ሥራው ወደ ሌላው የሰፈሩ ጫፍ ዞረና የኋለኛው ግድግዳ ብቻውን፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ ቆሞ ቀረ። ሞቱማ ይህን የሰማው ከደንበኛ ነው። ታፔላ ሊያሠራ የመጣ ሰው፣ ልደታ ፍርስራሽ መሐል በሬዎች ጋዜጣ የሚያነቡበት ግድግዳ አለ፣ ታክሲው ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሚያልፈው፣ እንደዚያ ዓይነት ትሠራልኛለህ ወይ አለው። ሞቱማ ሱቁን ዘግቶ ሮጠ። እውነት ነው። እዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ አይቶት የማያውቀው ፀሐይ አርፎበት ቀዩ ነድዷል። ተማሪዎች ከበው ይስቃሉ። ኖራ ይዤ ልመለስ ብሎ አሰበ፤ ግን አልተመለሰም። ዶዘሩ ቶሎ እንዲመጣ እየተመኘ፣ በማግሥቱ ደግሞ እንዳይመጣ እየተመኘ ሰነበተ።

ሰብለወንጌል በየወሩ መጀመሪያ ልደታ ማርያምን ለመሳለም ትመጣ ነበር። የዚያን ወር ሞቱማ አብሬሽ እሄዳለሁ አለና በሌላ በኩል ሊያዞራት ምክንያት ፈለገ። እሷ ሰበቡን አልሰማችውም፤ የለመደችውን ታክሲ ያዘች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አየችው። ወራጅ አለች፣ ድምፅዋም አልተለወጠም። ሞቱማ ተከትሏት ወረደ።

በፍርስራሹ ላይ እየተራመደች ሄዳ ከግድግዳው ፊት ቆመች። አጠገቧ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አንዲት አሮጊት ቆመው ሥዕሉን ያያሉ። የዚህ ሰፈር ሰው አይደሉም።

«የማን ቤት ይሆን ልጄ?» አሉ አሮጊቷ። «ለከብት መነጽር የሚያደርግ፣ ምን ያለ ሰው ነው?»

ሰብለወንጌል ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። ሞቱማ የማላውቀው ሰው ነው ትላለች ብሎ ጠበቀ።

«የልጄ ክፍል ነበር» አለች።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት። ሲፈን ትባላለች።»

«አሁን ትልቅ ሆናለቻ።»

«አላደገችም እማማ። ሞተችብኝ።»

አሮጊቷ እግዜር ይተካልሽ አላሉም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፍርስራሹ ላይ፣ አንድ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ። ወደ ግድግዳው በእጃቸው እያመለከቱ፣

«ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነበር የምትወድ?» ብለው ጠየቋት።

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ሞቱማም ጭምር። ሰብለወንጌል ከአጠገባቸው ቁጭ አለችና ማውራት ጀመረች። ስለ ላሟ ነገረቻቸው፣ ስለ ወንፊቱ ነገረቻቸው፣ ስትጠባ እንዴት እንደሚያልባት፣ ስታስነጥስ በራሷ ድምፅ ደንግጣ እንዴት ዙሪያውን እንደምታይ ነገረቻቸው። ሞቱማ የማያውቀውንም አወራች። እሱ ሱቅ ሲውል ልጅቷ በጠና የደከማት ቀናት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሰብለወንጌል ኤሊው ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የልጅቷን ትንፋሽ በራሷ ትንፋሽ እየጠበቀች ትውል ነበር። እሱ እንዳይሰጋ ብላ አልነገረችውም። የመጨረሻዋ ቀን ጠዋትም እዚያው ክፍል ውስጥ ስቃ ነበር አለች። በቀብሩ ቀን ያልወጣላት ልቅሶ እዚያ መንገድ ዳር ወጣላት። አሮጊቷ አልከለከሏትም። እያለቀሱ ጀርባዋን ያሻሹላት ነበር። ሞቱማም ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ቆሞ አለቀሰ።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ፣ ሳር ቤትን ሲያልፉ፣

«ዋሸኸኝ» አለችው።

«አዎ።»

«ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። እጇ ግን ጉልበቱ ላይ ነበር፤ እስኪወርዱ ድረስ አላነሣችውም።

በቀጣዩ ሳምንት ግድግዳው ፈረሰ። ሞቱማ ቆሞ ሊያይ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ሰው መጥቶ ስንት ልጆች አሏችሁ ሲላቸው ግን ሰብለወንጌል አንድ ሴት ልጅ ነበረችን፣ ሲፈን ትባላለች ብላ ትመልሳለች፤ የሚጠይቃት ከተገኘም ታወራለች። ጀሞ ያለው ቤታቸው ግድግዳው እንዳስረከቧቸው ነጭ ነው። ሞቱማ አንድ እሑድ ቀለሞቹን አውጥቶ፣ ላሟን እዚህ ልሣልልሽ ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። ሰብለወንጌል ግድግዳውን አየት አደረገችው።

«ተወው» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ እኮ አልኖረችም።»