ጃንጥላና ጧፍ

ምሥራቅ ያን ክፍል አራት ዓመት ሙሉ ስትሠራው ኖራለች። ግድግዳው ነጭ ነው። መስኮቱ ወደ አስፋልት ያያል። በመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ክፍሉ ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም፤ ክፍሉ ከዓይኗ ሽፋን በስተቀር የትም የለምና። ዓይኗን በከደነች ቁጥር አንድ ነገር ትጨምርበታለች፤ አንድ ቀን መጋረጃ፣ ሌላ ቀን የቧንቧ ድምፅ።

ክፍሉን የጀመረችው ከአርብ ገበያ ወዲያ ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና በተመደበችበት ክረምት ነበር። አንድ ጫማዋን ጭቃ ቀምቷት፣ በአንድ እግሯ ቆማ ስታለቅስ ፊት ለፊቷ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ በዝናቡ መካከል ታያት። «እመቤቴ፣ ከዚህ አገር አውጪኝ፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» ብላ ተሳለች።

ለዝውውር ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሳይሳካላት ቀረ። በሦስተኛው፣ በዚህ ጥር መግቢያ፣ ደብዳቤው መጣ። ደብረ ታቦር፣ ሆስፒታል፤ መኖሪያውም እዚያው ግቢ ውስጥ። እስከ ጥር ሃያ ሁለት ሰኞ አርብ ገበያ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቀርባ ካልፈረመች ግን ዕድሉ ለተከታዩ ተወዳዳሪ ያልፋል።

ደብዳቤውን ባነበበች ዕለት ማታ ክፍሏን ልታይ ዓይኗን ከደነች። ክፍሉ አልመጣም። ደክሞኝ ነው አለች። በማግስቱም አልመጣም። መጋረጃውን ብትጠራ፣ ውሃውን ብትጠራ፣ ጨለማው ዝም አላት።

ስለት ግን ስለት ነው። ንፋስ መውጫ ሄዳ ጃንጥላውን ገዛች፤ ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ዳር ዳሩን የወርቅ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ ብታስተኛው፣ ተሳፋሪው አራስ የያዘች ይመስል ተጠጋግቶ ቦታ ለቀቀላት።

አስተርእዮ ማርያም እሑድ ዋለች። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ፣ አውድማዎቹን አልፎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብቶ ተኝቶ ነበር። የሕዝቡን ነጠላ ከራሱ ነጭ ጋር ስለቀላቀለው የሚታየው ፊት ብቻ ነበር፤ ፊቶቹም የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር።

በዚህ ደብር ደንብ ስለት የሚያስገባ ሰው የተሳለውን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ከዚያ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ስለቱን የሚያስተናግደው ጌታነህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝምተኛ ገበሬ ሆኖ ይኖርና በዚህች ቀን ድምፅ ማጉያ ሲይዝ ሌላ ሰው ይወጣዋል። በሬው ጠፍቶ የተገኘለት ሰው ሙክቱን አስረክቦ ሲሄድ፣ ተራው የምሥራቅ ሆነ።

«ሲስተር፣ ይኼማ የጳጳስ ጃንጥላ ነው» አለ ጌታነህ። «ምን ጠይቀሽ ሰመረልሽ?»

ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«እኔ ዛሬ ጆሮ የለኝም፤ ማጉያ ነው ያለኝ» ብሎ ማጉያውን አፏ ሥር አቀረበው።

«ከዚህ አገር እንድታወጣኝ ነበር የተሳልሁት» አለች ምሥራቅ። የገዛ ድምፅዋ ከጉሙ ማዶ ዞሮ መጣባት። «ሰምራልኛለች። ዝውውሬ ደርሷል።»

ለእልልታ የተከፈተው አፍ ሁሉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ከዚህ አገር ማለት ከእኛ?» አለች ከፊት የተቀመጠችው እትዬ ብርቄ። ምሥራቅ ሦስት የልጅ ልጆቿን አዋልዳላታለች።

«ያኔ አላውቃችሁም ነበር፣ እትዬ።»

«ሳታውቂን ጃንጥላ ካወጣሽብን፣ ብታውቂንማ ደወል ትሰጪ ነበር።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ሴት ሆዷን ደግፋ ተነሣች። የካሣሁን ሚስት ትዝታ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን ነው ያረገዘችው።

«እኔም ስለት አለብኝ» አለች። «የእኔ ገና አልሰመረም። ሚያዝያ እስክወልድ ሲስተር እንዳትሄድብኝ ተስያለሁ። አንድ ጧፍ።»

«በጃንጥላ ላይ በጧፍ መጣሽ?» አለ ጌታነህ በማጉያው። «ተበልጠሻል፣ ትዝታ።»

«አቅሜን እመቤቴ ታውቃለች።»

«ሁለት በግ ቤት እያለ ለምን ጧፍ አልሽ?» አላት ካሣሁን ከጎኗ።

«በጎቹን ላንተ ጤና ተስዬባቸዋለሁ።»

«እኔ መቼ ታመምሁ?»

«እንዳትታመም ነዋ።»

ክርክሩ ተነሣ። ግማሹ የቀደመ ስለት ይጸናል አለ፤ ግማሹ ነፍሰ ጡር ትቅደም አለ። እትዬ ብርቄ ደግሞ ማርያም የሰጠችውን መመለስም ነውር፣ የእርጉዝን ልመና መርገጥም ነውር ነው ብላ ሁለቱንም ወገን አስደነገጠች።

ምሥራቅ የሚሉትን አልሰማችም። ሚያዝያ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ፣ ሳትጠራው አንድ ነገር ይታያት ጀመር። ስታዋልድ አድራ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ። በአቅራቢያው ቤት ስላጣች የተከራየችው ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ የግማሽ ሰዓት መንገድ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያማረረችበት። ሊነጋ ሲል ነው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሕፃኑ ልቅሶ ከኋላዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ አዲስ የታረሰው መሬት ላይ ይጠፋል። የሚጠራት የለም፤ የሚጠይቃትም የለም። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሁልጊዜ እዚያ ታርፋለች፤ ፀሐይዋ ከቆላው እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን ትከድናለች።

ለካ መጋረጃውን የሰቀለችው እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። ውሃውንም የቀዳችው እዚያው ነው።

የአዲሱ መኖሪያ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መሆን ትዝ አላት። ጓደኞቿ ሁሉ የቀኑበት እሱ ነበር። ከአልጋ ወደ ማዋለጃው፣ ከማዋለጃው ወደ አልጋ። መንገድ የለውም፤ ዓይን የሚከደንበት ድንጋይም የለውም።

ቄስ ገብረ መድኅን መስቀላቸውን ይዘው ክርክሩን ሊያበርዱ መጡ። ምሥራቅ ተሳለመችና በዝግታ ጠየቀቻቸው።

«አባታችን፣ የሰጠችኝን ብተወው ትቀየመኛለች?»

ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው ዘርፉን በጣታቸው ዳሰሱ። «ስለትሽን አስገብተሻል?»

«ይኸው በእጅዎ ነው።»

«እንግዲያ ጨርሰሻል። ለእሷ ብለሽ አትሂጂ፤ ለትዝታም ብለሽ አትቅሪ። ሁለቱም በኋላ ያስመርራል።» ጃንጥላውን መለሱላት። «በይ ክፈቺልኝ፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። የአዲስ ጃንጥላ ማሠሪያ እኔን አይታዘዘኝም።»

ማሠሪያውን ፈታች። ወይን ጠጁ ከፋይ ነጩ ጉም ውስጥ እንደ አበባ ተዘረጋ። እልልታው ያን ጊዜ ወጣ፤ ለየትኛው ስለት እንደሆነ ማንም አልተናገረም።

ሰኞ ጠዋት አርብ ገበያ ወረደች። በጤና ጽሕፈት ቤቱ የዝውውር ጉዳይ የያዘው መሐሪ ደብዳቤውን መልሳ ስታስቀምጥለት ቀና ብሎ አያት።

«ሲስተር፣ አመመሽ እንዴ? ሰው ለዚህች ወረቀት ስንት ዓመት ይጠብቃል።»

«እኔም ጠብቄያለሁ።»

«ባል አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«እና ምን ብዬ ልጻፍ? ምክንያት ይላል ቅጹ።» ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው። «ራስሽ ጻፊው፤ እኔ አልዋሽም።»

ብዕሩን ተቀበለች። ድንጋዩንና የሳሙናውን ሽታ ቅጹ ላይ ማስፈር አይቻልም። «በራሴ ፍላጎት» ብላ ጻፈች።

«ይኼን ሰው ሁሉ የሚጽፈው መሄድ ሲፈልግ ነው» አለ መሐሪ ማኅተሙን እያሳረፈ። «ለመቅረት ሲጻፍ ገና ማየቴ ነው።»

ባጃጁ ቢጠራትም በእግሯ ሄደች። መንደሩ ልትደርስ ስትል ትዝታን ምንጭ ዳር አገኘቻት።

«ቀረሽ?»

«ቀረሁ። ግን በጧፍሽ አይደለም።»

«እሱን ለማርያም ተይላት» አለች ትዝታ። «ጧፉን ግን ገዝቻለሁ።»

ሸንተረሩ ጫፍ ስትደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከደነች። ክፍሉ መጣ፤ መጋረጃው፣ ጠረጴዛው፣ ብርጭቆው፣ ሁሉም በየቦታው። በመስኮቱ አጠገብ የማታውቃት ሴት ተቀምጣ አስፋልቱን ታያለች። ተከታይዋ ተወዳዳሪ ትሆናለች። ሴትየዋ ዞር ስትል ምሥራቅ እንደ ጎረቤት ራሷን ነቅንቃ ሰላም አለቻት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች፤ ነገ አዳሪ ተረኛ ናትና ወደ ቤቷ ወረደች።